የምርኮኛው ባዩ መርዶ

ወርቂቱ ባዩ ሳን ሆዜ ባለ አንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሥራውን አታማርርም፤ ከኦክላንድ በየቀኑ መመላለሱ ግን ወገብ ይቆርጣል፤ ሞክሮ ያየ ያውቀዋል። ኦፍ በሆነች ቀን ሌላው ሰው እግሩን ዘርግቶ ቴሌቪዥን ያያል። እሷ ደብዳቤ ታስጽፋለች። ለማን ቢሉ፣ ሮም ላለ አንድ መዝገብ ቤት።

የምትፈልገው አባቷን ነው። ባዩ ደስታ የቡልጋ ሰው፣ ማይጨው ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ነበር። ከማይጨው መልስም አርፎ አልተቀመጠም፤ ጫካ ገባና በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጣልያን ማረከው። ከሌሎች ምርኮኞች ጋር በካሚዮን ጭነው ወሰዱት፤ ወደ ሶማሌ አገር ነው ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ወርቂቱ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ መልኩን እንኳ አታውቀውም።

እውነቱን ለመናገር ፍለጋው ለእናቷ ነው። እማማ ዓለምፀሐይና ባዩ የተጋቡት በቁርባን ነው፤ በቁርባን የተጋባን ደግሞ ከሞት በቀር የሚለየው የለም። ሴትዮዋ ሦስት ዓመት ጠበቁ። ዘመድ አዝማዱ "ሞቷል፣ በቃ፣ ልጅሽን አሳድጊ" እያለ ሲነዘንዛቸው፣ በሠላሳ ሁለት ጥር ላይ አንድ ደግ ነጋዴ አገቡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥጋ ወደሙ አልቀመሱም። ነጋዴውም ከሞተ ስንት ዘመኑ! ካህናቱ "ንስሐ ይግቡና ይቁረቡ" ብለው ለምነዋቸዋል። እሳቸው ወይ ፍንክች።

"ሌላ ያገባሁ ቀን ባዩ በሕይወት ነበረ ወይስ አልነበረም? እሱን ንገሩኝና እቆርባለሁ" ነው መልሳቸው። ይኸው ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላቸው፤ ሐኪሙም ልባቸው ደክሟል ብሏል። የወርቂቱ ጭንቀት እናቷ ሳይቆርቡ እንዳይሞቱባት ነው።

ደብዳቤውን የሚጽፍላት አምሐ ነው፤ የኦክላንድ ባለታክሲ፣ በልጅነቱ አዲስ አበባ ጣልያን ትምህርት ቤት የተማረ። ጣልያንኛውን ሰው ሲያደንቅለት ደስ ስለሚለው አንዲት አጭር ደብዳቤ ግማሽ ቀን ትፈጅበታለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ጻፈ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያው መልስ መጣ፦ በዚህ ስም የተመዘገበ ምርኮኛ የለም።

አንድ ቅዳሜ አምሐ ወርቂቱ ቤት ሆኖ አዲሱን ደብዳቤ ጮክ ብሎ ሲያነብ እማማ ዓለምፀሐይ አልጋቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። ጣልያንኛው ባይገባቸውም ስሙ ገባቸው።

"ማን ብላችሁ ነው የምትጠይቁት?" አሉ።

"ባዩ ደስታ ብለን ነዋ፣ እማማ" አለ አምሐ።

"እናንተ ልጆች፣ ጤናም የላችሁ? ሞቱን የሚጠብቅ ሰው በዓለም ስሙ ይመዘገባል? ቢሞት ፍትሐት በምን ስም ይደረስለታል? ባዩ እንደሆነ የሚሰጣቸው የክርስትና ስሙን ነው።"

"ታዲያ እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አልሽ?" አለች ወርቂቱ።

"ማን ጠየቀኝ? የክርስትና ስም ደግሞ በየሜዳው አይዘራም።"

ወርቂቱ አፈረች። ስድሳ አንድ ዓመት ኖራ የአባቷን የክርስትና ስም ጠይቃ አታውቅም። እናቷ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው በጆሮዋ ነገሯት፤ ወልደ ሩፋኤል። አምሐ ከምስጢሩ በመገለሉ አኮረፈ። ሳይነገረው ግን ደብዳቤው አይጻፍምና ወዲያው ተነገረው፤ ታረቀ።

መልሱ በሁለት ወሩ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ወዳለ የአንድ ያገር ሰው የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ በፋክስ መጣ። አምሐ ሥራ ቦታዋ ኮል አደረገላት።

"ወልደ ሩፋኤል ደስታ፣ ወታደር፣ ከቡልጋ" ብሎ አነበበላት። "ሶማሌ አገር፣ ዳናኔ እስር ቤት በትኩሳት ሞተ።"

"ቀኑን ንገረኝ።"

"ማርች አሥራ አንድ፣ ሠላሳ ዘጠኝ። በፈረንጅ ነው።"

ወርቂቱ በጣቷ ቆጠረች። በእኛ ሠላሳ አንድ፣ መጋቢት ሁለት። እናቷ ነጋዴውን ከማግባታቸው አሥር ወር በፊት ማለት ነው። "ተመስገን" አለችና ከደስታዋ ብዛት አጠገቧ አንሶላ የምታጥፈውን ሴት አቅፋ ሳመቻት።

ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። "እማዬ፣ ደስ ይበልሽ! አሥር ወር ቀድሞ ነው የሞተው። እሑድ ትቆርቢያለሽ።"

መርዶ እንዲህ አይነገርም። እማማ ዓለምፀሐይ ቀኑን አስደግመው ሰሙ። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው አዘቅዝቀው ለበሱ።

"ወርቂት፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ምን ስል እንደኖርኩ ታውቂያለሽ? ቀድሞ ሞቶልኝ በሆነ፣ ቀድሞ ሞቶልኝ በሆነ። ለነፍሴ ብዬ የባሌን ሞት ስመኝ ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላለቀስኩለትም።"

ወርቂቱ እዚያ ሆስፒታል ያደረገችው ትዝ አላት። አባቷ የሞተበትን ቀን ሰምታ በደስታ ሰው አቅፋ ስማለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና "አባዬ" አለች። የእንጀራ አባቷን ጋሼ ነበር የምትለው፤ ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። እናትና ልጅ ተያይዘው አለቀሱ።

በማግስቱ ሰው መጣ። ባለታክሲዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ወንበር አመጡ፤ ሴቶቹ ማን እንደሞተ ሲሰሙ መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፣ ኋላ ግን የእማማ ዓለምፀሐይን ፊት አይተው ከልባቸው አለቀሱ። ቄሱም መጥተው በክርስትና ስሙ ጸሎት አደረሱለት። ሲጨርሱ እማማን እሑድ እንደሚያቆርቧቸው ነገሯቸው።

"አይ አባቴ፣ አርባው ይውጣለት መጀመሪያ" አሉ።

"እማዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል፤ አርባ ቀን እኮ ብዙ ነው" አለች ወርቂቱ።

"እሱ ሃምሳ ሰባት ዓመት ያለ ልቅሶ ተኝቷል" አሉ እማማ ዓለምፀሐይ። "እኔን አርባ ቀን መቆየት ያቅተኛል?"