ከላይ ሐረግ፣ ከታች የክፍል ኪራይ

አያ ወልደኢየሱስ ወረቀትን ራስጌው ባዶ ሆኖ መጀመር አይሆንላቸውም ነበር። የነገሩ ሁሉ ምንጭ ይኸው ነው።

ሰውዬው ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለች ደብር፣ ዕድሜያቸውን በቁም ጸሐፊነት ያሳለፉ ናቸው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መቃ ቀርጸው ስንቱን ዳዊት፣ ስንቱን ድርሳን ጽፈዋል። መጽሐፍ ሲጀመር ታዲያ በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ ሐረግ ይሳላል፤ ቀዩና ጥቁሩ እንደ ወይን ተክል እየተጠላለፈ የሚሄድ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ዓይን የማይደርስበት ጌጥ ነው። አያ ወልደኢየሱስ ይህን የተማሩት ገና ጢም ሳያበቅሉ ነበር።

ኋላ አብዮቱ መጣ። መጽሐፍ የሚያጽፈው ባለ ርስት ራሱ የሚበላው አጣ፤ ደብሩም መሬቱን ተወረሰ። አያ ወልደኢየሱስ መቃቸውን በኮሮጆ ይዘው ጎንደር ገቡ። ከሕክምና ኮሌጁ በር ፊት ለፊት የወይዘሮ አበቡ ሻይ ቤት ነበረች፤ ግድግዳዋ ላይ አንድ የጣውላ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የተማሪው ኑሮ ያለው እዚያ ሰሌዳ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚከራይ ክፍል፣ የሚሸጥ ነጭ ጋውን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የአናቶሚ መጽሐፍ፣ የጠፋ መነጽር፣ ልብስ አጥቦ የሚተኩስ፣ ሒሳብ የሚያስጠና። ፊደል ያልቆጠረችው አከራይም ጽሑፉ የማያምረው ተማሪም ጸሐፊ ይፈልጋል። አያ ወልደኢየሱስ ከሰሌዳው ሥር በርጩማቸውን አስቀመጡና ማስታወቂያ ጸሐፊ ሆነው ቁጭ አሉ።

እስቲ አስቡት! ያ የዳዊት እጅ «አንድ ክፍል፣ ውሃና መብራት ያለው፣ ለሴት ተማሪ» እያለ ሲጽፍ! በመጀመሪያው ሳምንት ሐረጉን ሊተዉት ሞክረው ነበር። መቃው ወረቀቱ ላይ ያርፍና አልሄድም ይላል። ሐረጉን ከሳሉ በኋላ ግን ፊደሉ ይወርዳል፣ ይፈስሳል። ቢቸግራቸው እንደ እጃቸው ጠባይ ያድሩ ጀመር፤ ከላይ ሐረግ፣ ከታች የክፍል ኪራይ። ደስ ብሏቸው እንዳይመስላችሁ። «እጄን ለአልጋ ኪራይ ሸጥኋት» ብለው ለነፍስ አባታቸው ተናዝዘዋል፣ ስግደትም ተሰጥቷቸዋል። ሰግደው ይመጣሉ፣ መቃቸውን ያነሣሉ፣ ያው ሐረግ ይወጣል።

በዚያ ዘመን ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀልድ አልነበረም። ግድግዳ ላይ በተገኘ ወረቀት የሰው ልጅ ያለቀበት ጊዜ ገና አልራቀም። ስለዚህ በአበቡ ሰሌዳ ላይ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ፣ የጠፋ መነጽርም ቢሆን፣ መጀመሪያ ቀበሌ ሄዶ ግርጌው ላይ ክቡን ሐምራዊ ማኅተም ያስመታል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ወይዘሮ እታገኘሁ የምትባል ባሏ የሞተባት አከራይ እየጮኸች መጣች።

«ኧረ አያ ወልደኢየሱስ፣ ምነው ምን በደልሁዎ? ክፍሌ ጾሙን ያድራል። ጠዋት የተለጠፈው ወረቀቴ ማታ የለም። ሁለተኛም አጽፌ ጠፋ፣ ሦስተኛም ጠፋ!»

እውነቷን ነበር። አያ ወልደኢየሱስ ራሳቸው ካስተዋሉት ቆይተዋል፤ ንፋስ ነው እያሉ ራሳቸውን ሲያታልሉ ከርመዋል እንጂ። እታገኘሁ ግን ንፋስ የምትቀበል ሴት አይደለችም፣ በቀጥታ ቀበሌ ገባች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ዳኛው ይባላል፤ የማክሰኝት ልጅ ነው፤ ቀድሞ አስተማሪ ነበር። በማግስቱ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ጓድ ወልደኢየሱስ፣ ወረቀቶቹ የት ነው የሚገቡት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ንፋስ ይሆናል።»

«ንፋስ መርጦ ይወስዳል እንዴ? ተማሪው ራሱ በእስክሪብቶ የጫጫረው ሁሉ ይኸው ቦታው ላይ አለ። የሚጠፋው አንተ የጻፍከው ብቻ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የክፍል ኪራዩ አይደለም ያስጨነቀኝ። ማኅተሙ ነው። አንዱ ጽሑፉን አጥቦ ሌላ ቢጽፍበትስ? ከላይ የፀረ አብዮት ጽሑፍ፣ ከታች የእኔ ማኅተም! አውራጃ ሰምቶ ጠይቆኛል። እናቴ ታማብኛለች፣ ቅዳሜ ልጠይቃት ማክሰኝት እወርዳለሁ። ሰኞ አውራጃ ቀርቤ መልስ እሰጣለሁ። እስከ ዓርብ ድረስ ማኅተሞቹ የት እንደገቡ ንገረኝ። መልስ ከሌለኝ አንተን ይዤ ነው የምቀርበው።»

ተይዞ አውራጃ መቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ለአያ ወልደኢየሱስ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። የዚያን ለት ሻዩ ፊታቸው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ለእታገኘሁ አራተኛ ማስታወቂያ ጻፉላት፤ ማኅተም አስመትተው ሰቀሉት። ከዚያም ሻይ ቤቱ ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ፣ ሰሌዳው ከሚታይበት ጥግ ተቀምጠው ይጠብቁ ጀመር። ተማሪው ይመጣል፣ ያነባል፣ ይሄዳል። ከምሳ በኋላ አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ መጣች። ብርቱካን ናት፤ ነርስነት የምትማር፣ የአዲ አርቃይ ልጅ፣ ሁልጊዜ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ የምትሰጣቸው። ግራ ቀኝ አየች፣ ሚስማሩን ነቀለች፣ ወረቀቱን በጋውኗ ውስጥ ከተተች። አያ ወልደኢየሱስ ንዴታቸው ናላቸው ላይ ወጣ። ከሰው ሁሉ እሷ!

ዱላቸውን ይዘው ተከተሏት። የተከራየችው ክፍል ሩቅ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ሲገቡ በሯ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሊጮኹባት አፋቸውን ከፈቱ፤ የከፈቱት አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

ግድግዳው እንደ ማንኛውም የኪራይ ቤት ግድግዳ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ከአልጋዋ ራስጌ፣ ከጋዜጣው መካከል፣ የእሳቸው ማስታወቂያ አለ፤ አሮጌ ነው፣ ዳሩ ተልጧል። ብርቱካን አዲሱን ከጎኑ አስደግፋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዳዊት ነው፤ በግዕዝ፣ በቃሏ፣ አንድ ፊደል ሳትስት ታነበንባለች። «አንድ ክፍል፣ ውሃና መብራት ያለው» በሚል ወረቀት ፊት!

ዘወር ስትል አየቻቸውና ደነገጠች።

«ይቅር ይበሉኝ አያ ወልደኢየሱስ። ሌባ አይደለሁም። ያኛው በክረምቱ ጣሪያው አፍስሶበት ሊያልቅብኝ ነው።»

«ምንድን ነው ይኼ ልጄ?» አሉ። ዱላው ከእጃቸው ወድቋል፤ መውደቁን አላወቁም።

«አባቴ ቄስ ነው። ማታ ማታ ዳዊቱን ሲከፍት መጀመሪያ የሚታየኝ ይኸው ነበር፤ ልክ ይኸው ሐረግ። ከቤት ይዣት የመጣኋትን ሥዕለ ማርያም ፈታሾች ወሰዱብኝ፤ በስብሰባም ግለ ሂስ አደረግሁ። ይህን ግን አይተው አለፉት። ምን ይበሉ? የክፍል ኪራይ ነው። የቀበሌ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማን ደፍሮ ይነካል?» እንባዋ መጣ። «ዋርድ ከመግባቴ በፊት እዚህ ካልቆምሁ እጄ ይንቀጠቀጣል አያ። መርፌ መያዝ አይሆንልኝም።»

አያ ወልደኢየሱስ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እግዚኦ! ያንን ሁሉ ዓመት ረክሷል ብለው ሲናዘዙበት የኖሩት ሥራ ለካ እዚህ ይሠራበት ኖሯል። እሳቸው ለአልጋ ኪራይ የሸጡት እጅ እዚህ ቤት ተከብሮ ተቀምጧል። ሐረጉን ቀና ብለው ለማየት ፈሩ፤ የሳሉት እሳቸው አልመስል አላቸው።

«ሌላም አለ? እንዳንቺ ያለ?»

«እኔ የማውቀው የራሴን ነው አያ» አለች። በዚያ ዘመን አእምሮ ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚመልሰው።

ዳኛው ያለውን ነገሯት። ሰምታ ሳትጨርስ ወረቀቱን ከግድግዳው ልትልጥ እጇን ዘረጋች፤ እጇን ያዟት።

«ተይው። አውራጃ የሚፈልገው ይህን አይደለም።»

ወደ ሻይ ቤቱ ሲመለሱ መንገዱ ረዘመባቸው። ስሟን ቢጠሩ እሳቸው ነጻ ናቸው፤ እሷ ግን ከትምህርቷም ከነጻነቷም ትለያያለች። ዝም ቢሉ ዓርብ አለ። ማኅተሙ ቢመለስ ሁሉም ይድናል፤ ግን ማኅተሙ አይደል እንዴ ወረቀቱን የሚጠብቀው? ልጆቹን ጋሻችሁን ጣሉልኝ ብሎ መለመን ነው። ለአንድ ሽማግሌ ሲባል ማን ይህን ያደርጋል?

ሲጨንቃቸው የሚያውቁትን ሥራ ሠሩ፤ ማስታወቂያ ጻፉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሐረግ የሌለው ወረቀት ነበር፤ እጃቸው እየታገላቸው ጻፉት።

«ከዚህ ሰሌዳ በሄዱ ወረቀቶች ላይ ያለው ማኅተም የቀበሌ ንብረት ስለሆነ የሚፈለገው እሱ ብቻ ነው። ያለው ሰው እስከ ዓርብ እዚሁ ይመልስልኝ። ቀሪው ለወሰደው ይሁን። ወልደኢየሱስ።»

ዳኛው ማኅተም ከማድረጉ በፊት ደጋግሞ አነበበው።

«ቀሪው ምንድን ነው?»

«የክፍል ኪራይ ነዋ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከእታገኘሁ ክፍል በቀር ሌሎቹ እንደሆኑ ተይዘዋል።»

«ሐረጉን ዛሬ ምነው ተውከው?»

መልስ ግን አልጠበቀም፤ ማኅተሙን መትቶ ሰጣቸው።

ረቡዕ ምንም የለም። ሐሙስ ምንም የለም። ተማሪው እየመጣ ያነባል፣ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር ሳይታይ ይሄዳል። አበቡ ለአያ ወልደኢየሱስ ስንቅ ልታዘጋጅ እያሰበች ነበር፤ እስር ቤት የሚወሰድ ስንቅ። እሳቸውም ኮሮጇቸውን ጠቀለሉ።

ዓርብ ጠዋት አበቡ በሯን ልትከፍት ወጣችና እንደ ለቅሶ ጮኸች። አያ ወልደኢየሱስ እየሮጡ ደረሱ።

ጣውላው አይታይም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ማኅተም ሆኗል። በምላጭ ዙሪያቸውን የተቆረጡ ክብ ክብ ሐምራዊ ማኅተሞች፣ አንዱ በሚስማር፣ አንዱ በእሾህ፣ አንዱ በሊጥ፣ አንዱ በተሰበረ ክብሪት ተያይዘው ሰሌዳውን ሞልተውታል። ቦታ ያጡት ግድግዳው ላይ ወጥተዋል። የዘንድሮ አሉ፤ የዓምና አሉ፤ አያ ወልደኢየሱስ ጎንደር የገቡ ሰሞን የተመቱ፣ ቀለማቸው የደበዘዘ አሉ። አንዷ የመኪና ሹፌር ከአዲ አርቃይ ያመጣት ናት፤ ተመርቃ እዚያ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሴት ልካት ነው። ወሬው በስንት አፍ ዞሮ እዚያ እንደደረሰ እግዜር ይወቅ።

ለእያንዳንዱ ማኅተም በአንድ አልጋ ራስጌ አንድ ሐረግ አለ ማለት ነው። ጎንደርን የሚያህል ከተማ፣ ያን የሚያህል ፍርሃት ውስጥ፣ ሳይነጋገር፣ ሳይተያይ፣ በክፍል ኪራይ ወረቀት ሲጸልይ ኖሯል። አሁን ደግሞ የሚጠብቀውን ማኅተም ለአንድ ሽማግሌ ሲል ቆርጦ ሰጠ። አያ ወልደኢየሱስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ይህን አይቶ ያላለቀሰ ምን ሊያስለቅሰው ነው?

ዳኛው ረፋድ ላይ ደረሰ። የአበቡን የሻይ ትሪ ተቀብሎ ማኅተሞቹን እየነቀለ ሞላው። አንዳንዶቹን ወደ ብርሃን እያነሣ ያያቸዋል፤ ዳራቸው ላይ «ለሴት ተማሪ» ወይም «መብራት ያለው» የሚል ቅንጣቢ ቀርቷል። ከሐረጉ ግን አንዲት ክር እንኳ የተቆረጠባት ማኅተም አልነበረችም። ዳኛው ይህን አስተዋለ። ከዚያ ማኅተሞቹን ቦርሳው ውስጥ ገለበጣቸው።

«አውራጃ የጠየቀኝ ማኅተም ነው። ማኅተሙ ተገኝቷል» አለ። «በቃ።»

አበቡን ሻይ አምጭ ብሎ ወደ ውስጥ ላካት። ዙሪያውን አየ። ከቦርሳው አንድ ንጹሕ ወረቀት አወጣና የአያ ወልደኢየሱስ ጉልበት ላይ ዘረጋው። ማኅተሙን አወጣ፣ ተነፈሰበት፣ አንዲት ፊደል ያልሰፈረችበት ባዶ ወረቀት ግርጌ ላይ መታው። ዳኛው ራሱ የፈራው፣ ሰውን አውራጃ የሚያስቀርብ ወረቀት ማለት ይኸው ነበር።

«አያ ወልደኢየሱስ» አለ ዳኛው። ጓድ አላላቸውም። «ነገ ማክሰኝት ይዤው እወርዳለሁ። እናቴ ከአልጋ ከዋለች ቆየች፤ ዓይኗ ግን ገና ያያል።»

«ታዲያ ምን ልጻፍበት ልጄ? ክፍል ታከራያለች?»

«የምታከራየው ክፍል የላትም» አለ። «ላይኛውን ብቻ ይሥሩልኝ።»