ነጥብ ጻፊው ሰውዬ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ትምህርት ሳይዘጋ ቀድሞ ገብቶ ዝናቡ ፋታ አልነበረውም፤ ሳስበው ዛሬም ብርዱ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል። በማጸዳበት ትምህርት ቤት አንድ ሰውዬ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የዓይነ ስውራን ተማሪዎችን መጽሐፍ በጣት ወደሚነበበው ብሬል ይገለብጥ ነበር። ክርኑ የተጣፈ ሹራብ ይለብሳል። መጽሐፉን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ያነብና፣ ወፍራሙን ወረቀት በወስፌ መሳይ ብረት ጠቅ ጠቅ እያደረገ ከፍ ከፍ ያሉ ነጥቦች ያወጣበታል።

"ጋሼ፣ ዶሮ እንኳ እንዲህ አትለቅምም" ስለው፣

"ዶሮ ፈተና የለባትማ፣ እትዬ!" ይለኛል። ልጆቹ ሊፈተኑ አንድ ወር ቀርቷቸው ነበር።

አንድ ቀን የጨረሰው የወረቀት ክምር አብጦ አየሁት። እርጥበት ያሳበጠው መስሎኝ፣ እንዲስተካከልለት ብዬ ሁለት ካርቶን ሙሉ ጠመኔ ጫንኩበት። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ካርቶኖቹን አወረደ። ጣቱን በወረቀቱ ላይ አስኬደ፤ ደግሞ አስኬደ። ነጥቦቹ በሙሉ ተደፍጥጠዋል።

የጫንኩበት እኔ መሆኔን ነገርኩት። "ጋሼ፣ በሞቴ ይስደቡኝ!"

"ሳታውቂ ላደረግሽው ምን ብዬ ልስደብሽ?" አለና አዲስ ወረቀት ሳበ። "ይልቅ መስኮቱን ክፈቺልኝ፣ ጨለመብኝ።"

መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። የዚያን ዕለት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ነበረች።

ክፍቱን መስኮት እንደገና ስገፋው ገባው መሰለኝ። "ዓይኔ ሳይከዳኝ ልጨርስላቸው ብዬ ነበር" አለኝ ቀስ ብሎ።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። ፈተናው ሲደርስ ገና ግማሹ ላይ ነበር፤ ልጆቹም በግማሽ መጽሐፍ ተፈተኑ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ነው። ብሬል ክፍል፣ ከልጆቹ ጋር፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።