እህቴ አባዬን የረታችበት ቀን

ዛሬ በምን አለሽ ተራ ሳልፍ የጋለ ብረት ሽታ ሲያውደኝ፣ ታላቅ እህቴ ዘሃራ ትዝ አለችኝ።

አባዬ እዚሁ ከውዳቂ ብረት ምድጃ ይሠራ ነበር። ዘሃራ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ "ምድርን ማግኔት ያደረጋት ሆዷ ውስጥ ያለው የቀለጠ ብረት ነው" ብትለው ከት ብሎ ሳቀ። የአሮጌ ሬዲዮ ማግኔት ፍም ውስጥ ከቶ አጋለና ምስማር አስጠጋለት። አልሳበም።

"አየሽ? ማግኔት ሲግል ይሞታል። ውሸት ከሆነ የሚያስተምሩሽ፣ ከነገ ጀምሮ ቤት ትቀመጫለሽ።"

እኔ ፈራሁላት። እሷ ግን ከተጣለ ብስክሌት ላይ ዳይናሞ ከነአምፖሉ ፈታ አመጣችና አሽከረከረችው። አምፖሉ ቦግ አለ።

"አባዬ፣ ብረቱ ስለጋለ አይደለም። ቀልጦ፣ ከምድር ጋር እየዞረ ሲፈስ እንደዚህ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ማግኔቱን የሚፈጥረው ኤሌክትሪኩ ነው።"

አባዬ አምፖሉን አየና፣ "ለካ ምድርም ሥራ አትፈታም" አለ። ለእኔ ነገሩ ያኔ በግማሽ ነው የገባኝ። ወዲያው ጎረቤቶቹን ተጣራ፦

"ኑማ፣ ልጄ ረታችኝ።" ወደ ዘሃራም ዞሮ፣ "አንቺም ነገ በጊዜ ተነሺ፣ ትምህርት እንዳይረፍድብሽ።"

ይኸው ዘሃራ ፊዚክስ ስታስተምር አርጅታ፣ ሰባተኛ ሰፈር ስንወርድ ሽበት ያወጡ ተማሪዎቿ እያስቆሙ እጅ ይነሷታል።