ኦይታ በዚያ ቅዳሜ የሠራቸው ሁለት መኪኖች

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ፍሬን የሚነካካ ብዙ ነው፤ ፍሬን የሚያውቅ ግን ኦይታ ነው። ዛሬም ቢሆን ይህን እላለሁ። የገረሴ ልጅ ነው፤ ሃምሳ ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። አንድ የሚያናድደኝ ጠባይ ነበረው፤ ምስጋና አይቀበልም። "እጅህ ይባረክ" ሲሉት፣ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ አበላሽቼውም ይሆናል፤ የሚጠብቃችሁ ጌታ ነው" ይላል። እኛ አማኞች እንዲህ ማለት እንወዳለን። የሠራነውን አልሠራንም ስንል የጸደቅን ይመስለናል። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ነገሩ አይጥመኝም ነበር፤ ቢሆንም እንደ ሁሉም ሰው ለመድኩት።

ሌላው የውሃ ስብከቱ ነው። ከገረሴ የሚወርድ ሾፌር ቁልቁለቱ መሃል ይቆምና በጋለው ጎማ ላይ በጀሪካን ውሃ ያፈሳል። ኦይታ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። "በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ? የሸክላ ድስት እንኳ ይሰነጠቃል" ይላል። ፍሬኑ የተበላሸበት ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት የቤታችንን መኪና ይዤለት ሄድኩ። ፍሬን ስይዝ መሪው ወደ ግራ መሳብ ጀምሮ ነበር። በማግስቱ ከባለቤቴና ከልጆቹ ጋር ገረሴ ልንወጣ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው የመጣሁት።

"ቲቸር አይዳ፣ ውሃ አፍስሰሻል" አለኝ ገና ሳልወርድ።

"አንድ ጠብታ አላፈሰስኩም" አልኩት፤ ቆጣ ብዬ።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" አለና መኪናዋን በክሪክ አነሳት።

የግራው የፊት ጎማ ደህና ነበር። ከዚያ የቀኙን ፈታ። በአንድ ጎማ ላይ ዲስኩን ከውስጥና ከውጭ የሚጨብጡ ሁለት የፍሬን ሸራዎች አሉ፤ እኩል ማለቅ አለባቸው። የውጪው ገና እንደ አዲስ ነው። የውስጠኛው ግን አልቆ ብረት ለብረት ሊፋጭ የቀረው የጥፍር ያህል ነው። ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘው ብረት ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። ኦይታ አንዱን በእጁ ቢስበው እምቢ አለ። በመዶሻ እያባበለ አወጣው። ከአቧራ የምትከላከለው ትንሽዬ ጎማ አብጣ ፒኑን አንቃዋለች። ዙሪያውን ጥቁር ግሪስ ተለጥፎበታል።

ግሪሱን በጣቱ ነክቶ አሸተተው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ውሃ አይደለም" አለ። "እኔ ነኝ።"

በኅዳር እሱ ጋ ሸራ ያስቀየርኩበትን ቅዳሜ አስታወሰኝ። የፍሬን ግሪስ አልቆበት ነበር። ከተማው ውስጥ ፈልጎ ስላጣ የተለመደውን ጥቁር ግሪስ ቀባው፤ ያ ግሪስ ደግሞ እንዲህ ያለችውን ጎማ ያሳብጣል። ኦይታ ይህን ያውቃል። ሰኞ ጠርቼ እቀይረዋለሁ ብሎ ረሳ።

"ስንት መኪና?" አልኩት።

"ሁለት። ያንቺና የካሱ።"

ካሱ የላንቴ ሙዝ ነጋዴ ነው፤ የኦይታ የልብ ወዳጅ። ሐሙስ ዕለት ሚስቱን፣ እናቱንና ሦስት ልጆቹን ጭኖ ለሠርግ ካምባ ወጥቷል። የሚመለሰው በዚሁ ቅዳሜ ነው። ካምባን የረገጠ መኪና ደግሞ የገረሴን ቁልቁለት ሳይወርድ አርባ ምንጭ አይገባም። 

ኦይታ ደወለ። ስልኩ አይሠራም። አንገቱና ትከሻው መሃል ስልኩን ሸጉጦ እየደጋገመ ሲደውል እጁ ሥራውን ቀጠለ፤ ፒኖቹን በብረት ብሩሽ ፈገፈገ፣ ያበጡትን ትንንሽ ጎማዎች ጥሎ አዲስ አስገባ፣ ትክክለኛውን ግሪስ ቀባ፣ በሁለቱም ጎማ አዲስ ሸራ ገጠመ። 

የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቅ ካሱ አነሳ። ድምፁ እኔም ጋ ይሰማል።

"ገረሴን አልፈን እየወረድን ነው። ትንሽ ወደ ግራ ይስባል እንጂ ደህና ነን።"

"ካሱ፣ አቁም። ፍሬኑን አበላሽቼዋለሁ።"

ካሱ ሳቀ። "አንተ ደግሞ መቼ ነው ሠራሁ ብለህ የምታውቀው? ያንተ እጅ ስለሆነማ ነው ቤተሰቤን የጫንኩት።"

"የእውነቴን ነው፤ አበላሽቼዋለሁ።"

"እሺ ጋሼ ትሑቱ፣ ጌታ አለ፤ ስንደርስ እንገናኛለን።"

ስልኩን ነጠቅኩት። "ካሱ፣ ትሕትና አይደለም" እያልኩ ስጮህ መስመሩ ተቋርጧል። ደግመን ደወልን፤ የለም።

ኦይታ መሣሪያውን መኪናዬ ኋላ ወረወረ፤ እኔ ነዳሁ። ዳገቱን ስንጀምር አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን እያስጮኸ ቁልቁል መጣብን፤ ከመንገድ ሊያስወጣን ለጥቂት ነው። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ሰደብኩት፤ መምህርነቴንም ረሳሁት። ኦይታ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። እየጸለየ ነበር።

ሦስት መታጠፊያ እንዳለፍን መኪናውን ከማየታችን በፊት የተቃጠለ ሸራ ሸተተን። ካሱ ገደሉን ሸሽቶ ከዳገቱ ግድግዳ ጋር አላትሞታል። ከቀኝ የፊት ጎማው ጭስ ይወጣል። ሰዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ኦይታ ከመውረዱ በፊት በጣቱ ቆጠራቸው፤ አምስት ናቸው። እንደገና ቆጠረ።

"ኖላዊትስ?" አለ።

ኖላዊት የሰባት ዓመቷ የካሱ ትንሿ ልጅ ናት።

"አሁን በአይሱዙ ወደ ሆስፒታል ላክናት፤ ጋቢናው ሞልቶ እኛን አልያዘም፤ አይሱዙው ላይ የነበረ ጎረቤታችን አቅፏታል" አለ ካሱ፤ ግንባሩ ላይ ደም ደርቋል። "ትተነፍሳለች። ዓይኗን ግን አልገለጠችም።" ኦይታን አየውና፣ "ፍሬኑን ብረግጥ ብረግጥ ምንም የለም። ለምን በደንብ አልነገርከኝም?" አለው።

 የኖላዊትን እናት ከኋላ አስገባን፤ ካሱም ገባ፤ አያቷና ሁለቱ ልጆች የሚቀጥለውን መኪና ሊጠብቁ ቀሩ። ኦይታ ከጎኔ ተቀመጠ። የፈለገ ቢሆን ቁልቁለቱን መውረድ ነበረብን። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ መንገዱን አላየም፤ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ዓይኑ እግሬ ላይ ነበር።