መላእክቱ የካቡት ካብ

ልጅ ሳለሁ፣ ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር ባለው ቤታችን፣ ማታ ማታ እራት ተበልቶ ምድጃው ላይ ፍም ብቻ ሲቀር አያ መኩሪያ ተረት ያወሩልን ነበር። አያ መኩሪያ የአባቴ አጎት ናቸው፤ በጉልምስናቸው ግንበኛ ነበሩ፣ ከግድግዳ ላይ ወድቀው እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ ግን እኛው ቤት ተቀምጠው የሚያንቀሳቅሱት በትራቸውንና ምላሳቸውን ብቻ ነበር። የኩራዙ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለው፣ ታላቅ እህቴ ትርንጎ ከጎኔ ሆና እህል እየለቀመች፣ እኔ አፌን ከፍቼ አዳምጣቸዋለሁ። ያኔ ከሳቸው አፍ የወጣ ሁሉ ለኔ ከዳዊት እኩል ነበር። ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ሆዴ የሚሻክረው ያን ያህል ስላመንኳቸው ነው።

ስለ ጅብና ስለ ዝንጀሮ ብዙ ያውቁ ነበር፤ እኔ ግን ደጋግመው እንዲነግሩኝ የምለምናቸው ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነበር። ንጉሡ ድንጋዩን ሲያስፈልፍል ቀን ቀን ሰው ይሠራል፤ ሌሊት ሠራተኛው ሲተኛ መላእክት ይወርዱና ሰው የሠራውን እጥፍ አድርገው ያድራሉ። ይህን በአገራችን የማያውቅ ልጅ የለም። አያ መኩሪያ ግን ግንበኛ ስለነበሩ፣ መዶሻው ሲያርፍ የሚወጣውን ድምፅ ሳይቀር ጉልቻውን በበትራቸው እየመቱ ያሰሙን ነበር።

አስር ዓመት በሞላኝ ዓመት ክረምቱ ከባድ ነበር። ከጓሯችን በታች ያለው ካብ ተንዶ አፈሩ ከነጎመኑ ወደ ገደሉ መውረድ ጀመረ፤ የጎረቤት ፍየሎችም በክፍቱ እየገቡ ጌሾውን ይቀነጥሱት ነበር። እናቴ ወገቧን አሟት ከአልጋ ስለማትወርድ፣ እዚያው ተኝታ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እያለች ታጉረመርማለች። አባቴ ደግሞ በእንቁጣጣሽ ማግስት እህቱ ወደምትኖርበት አገር፣ ወደ ሙጃ መሄድ ነበረበት፤ የቤቷን ክዳን ንፋስ ወስዶባት ነበር።

ሲሄድ እኔንና ትርንጎን ጠራን። በመንደራችን ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ ትርንጎ አራተኛን ከጨረሰች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ እኔ ገና መጨረሴ ነው፤ ከተማ ያለችው ዘመዳችን ደግሞ ከአንድ ልጅ በላይ ማስጠጋት አትችልም። «ለመስቀል ስመለስ ካቡን አቁሞ የጠበቀኝ፣ እሱ ከተማ ይገባል» አለን።

ውሃ መውረዱም፣ ወጡም፣ እናቴን መደገፉም የትርንጎ ስለነበር ቀን ለካብ ጊዜ አልነበራትም፤ ሥራው ለኔ ቀረ። የመጀመሪያውን ቀን የተናደውን ድንጋይ ከጭቃ ውስጥ እየፈለፈልኩ ደክሜ ዋልኩና ከጉልበቴ የማያልፍ ጎባጣ ካብ አቆምኩ። ማታ ተረቱን ስሰማ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ የላሊበላ አካባቢ ልጅ ካልሆነ ለማንም የማይመጣ ሐሳብ። ወጥቼ ዶማውን አጥቤ ከካቡ ሥር አስቀመጥኩ፤ ይጠማቸው ይሆናል ብዬም በቅል ውሃ ከጎኑ አኖርኩ። ጠዋት ብነሳ ካቡ ወገቤ ደርሷል።

እየሮጥኩ ሄጄ ለአያ መኩሪያ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡና «ዝም በል፣ የወረደልህን ጸጋ ለሰው አይነግሩም» አሉኝ፤ ራሳቸው ግን እስከ ማታ ለመንደሩ ሁሉ አዳረሱት። አሮጊቶች መንገድ ላይ እያስቆሙ እጄን ይስሙ ጀመር። እኔም ልቤ አበጠ። እጥፍ አድርገው የሚሠሩ ከሆነ እኔን ምን አደከመኝ? በሦስተኛው ቀን አንድ ረድፍ ደርድሬ ተውኩት፤ በአምስተኛው ሦስት ድንጋይ አስቀምጬ ከጓደኞቼ ጋር ስጫወት ዋልኩ። መላእክቱ አልተቀየሙኝም። እንዲያውም የነሱ ሥራ ከኔው ይበልጥ ነበር፤ የኔው ድንጋይ በእግር ሲነኩት ይወዛወዛል፣ የነሱ ግን ረጅም ረጅሙ ወደ አፈሩ ጠልቆ ገብቶ እንደ ጥርስ ገጥሞ ተቀምጧል። ትርንጎ ቀን እሳት ዳር ቁጭ እንዳለች ስታንቀላፋ ሳያት «ሰነፍ» እያልኩ እስቅባት ነበር።

ካቡ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መልአክ በዓይኔ ለማየት ጓጓሁ። ጎህ ሊቀድ ሲል ተነስቼ፣ የአባቴን ጋቢ ተከናንቤ ከጌሾው ኋላ ተሸሸግኩ። ያየሁት ትርንጎን ነው። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ፣ ትልቅ ድንጋይ በደረቷ አቅፋ ታዘግማለች፤ አያ መኩሪያ ጉብታው ላይ ተቀምጠው በበትራቸው ያሳዩዋታል።

«ረጅሙን ወደ ውስጥ አስገቢው። እንዲያ! አንቺ እኮ ወንድ ብትሆኚ ግንበኛ ይወጣሽ ነበር።»

«አያ፣ አባቴ ሲመጣ ይነግሩልኛል አይደል?»

«ምን ነካሽ? እማኝሽ እኔ አይደለሁም? ሕፃኑን ግን እስከዚያው አትንገሪው፤ እምነቱ ይሰበራል።»

እምነቴ እዚያው በቆምኩበት ተሰበረ። ሁለቱ ተመካክረው ሲሳለቁብኝ የከረሙ መሰለኝ፤ እጄን የሳሙት አሮጊቶች ሁሉ ትዝ እያሉኝ አፈርኩ፣ ተቃጠልኩ። ያኔ ትርንጎ ስንት ማለዳ እንደተነሳች፣ ስንት ድንጋይ እንደተሸከመች አላሰብኩም፤ ያሰብኩት የተታለልኩትን እኔን ብቻ ነው። ተመልሼ አልጋዬ ገባሁና ተጠቅልዬ አለቀስኩ።

በመስቀል ዋዜማ አባቴ መጣ። ካቡን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ እየገፋ ፈተሸና «ማነው ያቆመው?» ብሎ ጠየቀ። ትርንጎ አያ መኩሪያን አየቻቸው። አያ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መንደሩ ሁሉ ስለ መላእክቱ የሰማው ከሳቸው ነው፤ አሁን እውነቱን ቢያወጡ የሚያፍሩት ራሳቸው ናቸው። «ልጅህ ነዋ፣ ከነረዳቶቹ» አሉና በትራቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ።

አባቴ ወደኔ ዞረ። «እውነት ነው ሲሳይ?»

ስላታለሉኝ፣ ቂሜን የምወጣበት ሌላ መንገድ ስላጣሁ፣ ከተማውም ስላማረኝ «አዎ» አልኩ። ትርንጎ ወጡ እንዳያርርባት ወደ ቤት ገባች። በሳምንቱ እኔ ደብተሬን ይዤ ከተማ ገባሁ፤ እሷ በሁለተኛው ዓመት ገነተ ማርያም በኩል ተዳረች።

አያ መኩሪያ ከሞቱ ቆዩ። እኔ ዛሬ እዚያው ከተማ አስተምራለሁ፤ መስከረም ሲጠባ ዝናብ የላጠውን ግድግዳዬን ራሴ እመርጋለሁ፣ የጓሮዬንም ድንጋይ ራሴ እደረድራለሁ። ባለቤቴ ሰው ቅጠር ብትለኝም እሺ አልላትም፤ ማን እንደሠራው የማላውቀው ነገር ቤቴ ውስጥ እንዲቆም አልፈልግም። ዘንድሮ ትርንጎ ልትጠይቀን መጥታ ጭቃ ስረግጥ አገኘችኝ። «ጭዱ አንሷል፣ ይሰነጠቅብሃል» ብላ ነጠላዋን አስቀመጠችና ጭቃው ውስጥ ገባች። ግድግዳውን ጎን ለጎን ሆነን ስንለስን፣ እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ፊቴን ሳላዞር ነገርኳት፤ ያን ማለዳ ከጌሾው ኋላ ሆኜ እንዳየኋት፣ እያወቅኩ «አዎ» እንዳልኩ።

እጇ ሥራውን አላቆመም።

«አይቼህ ነበር እኮ ወንድምዓለም» አለችኝ። «የጋቢው ጫፍ ይታይ ነበር። አያ መኩሪያማ እንደማይናገሩልኝ ልቤ ያውቀው ነበር፤ እሳቸው ከተረታቸው አይጣሉም። አንተ ስታየኝ ግን ‹እሰይ፣ እማኝ አገኘሁ› አልኩ። ያን ጠዋት እየዘፈንኩ ነው ውሃ የወረድኩት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ዘፈን ለማስታወስ ብዙ ሞክሬአለሁ። የአያ መኩሪያን ተረት ቃል በቃል፣ ከነጉልቻው ድምፅ አስታውሰዋለሁ፤ የሷን ዘፈን ግን አልሰማሁትም፤ ያኔ አልጋዬ ውስጥ ተጠቅልዬ «ከዱኝ» እያልኩ አለቅስ ነበር።