የጋሽ ተስፋዬ ፎቶ

ዛሬ ጠዋት የቤቴ ኮምፒውተር አልነሳም አለኝ። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ጎኑን መታ መታ አደረግኩት። ዝም። ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ቆርቆሮ ሲለማመጥ! ደግነቱ ዛሬ የእኔን እጅ የሚጠብቅ ሰው የለም። ያን ጊዜ ግን ነበረ።

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ስንኖር የተማርኩት የኮምፒውተር ጽሕፈት ብቻ ነበር። ለሰፈሩ ግን ኮምፒውተር የነካ ሁሉ ይጠግናል። ስለዚህ በሐምሌ ዝናብ ጎረቤታችን ጋሽ ተስፋዬ ባረፉ ማግስት፣ ልጃቸው መሠረት በጠዋት መጣች።

«ለፋሲካ ያነሳሁት ፎቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው» አለችኝ፤ ዓይኗ አብጧል። «አባዬ የሳቀበት ሌላ ፎቶ የለንም።»

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናቷ እትዬ አስካለ ያንን ፎቶ አሳጥበው፣ ታቅፈው አስከሬኑን ሊከተሉ ነው።

ቤታቸው ሄጄ ቁልፉን ተጫንኩ። ምንም። ሶኬቱ ይሠራ እንደሆነ ብዬ ሬዲዮ ብሰካበት በለቅሶ ቤት መሐል ዘፈን ለቀቀብኝ። ገመድ ተውሼ ሞከርኩ። ክዳኑን ከፍቼ አቧራውን እፍ አልኩበት። ከዚያ ወዲያ የማውቀው አልነበረም፤ ለቀስተኛው ግን እንደ ሐኪም እጅ እጄን ያያል። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሳጥኑን በላስቲክ ጠቅልለን ከመሠረት ጋር ወደ ፒያሳ ወጣን። ኮምፒውተር ጠጋኙ ጨለማ ሱቁ ውስጥ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«የሞተው የናንተ ብቻ መሰለህ እንዴ? ፒያሳ በሙሉ ጠፍቷል» አለኝ። የመሠረትን ጥቁር ልብስ ሲያይ ግን አፈረ። «መብራት ይምጣ እንጂ ዲስኩን ሌላ ማሽን ላይ ሰክቼ ፎቶውን አወጣላችኋለሁ።»

በረንዳው ላይ ቆመን ጠበቅን። ከጎን ካለው ኬክ ቤት የቦምቦሊኖ ሽታ ይመጣል፤ ሁለታችንም እህል አልቀመስንም፣ አላሰኘንምም። ስምንት ሰዓት ሆነ። መብራት የለም።

መሠረት የአባቷን የቀበሌ መታወቂያ ከቦርሳዋ አወጣች። ቸርችል ጎዳና ላይ ጀነሬተር ያለው ፎቶ ቤት አሳድጎ አጠበልን። መታወቂያው ላይ የተመታው ማኅተም አብሮ አድጎ የጋሽ ተስፋዬን አገጭና ግራ ጉንጭ ሰማያዊ አደረገው። እትዬ አስካለ ታቀፉት። እኔ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኩ።

በማግስቱ መብራት መጣ፤ ፎቶውም ወጣ። ጋሽ ተስፋዬ የዶሮ ብልት ይዘው ከት ብለው ይስቃሉ። አሳጥበን ወሰድንላቸው። እትዬ አስካለ ሳሙት፣ ደረታቸው ላይ አስጠጉት፣ ከዚያ ለመሠረት ሰጧት።

«ግድግዳው ላይ የሰቀላችሁትን ባለማኅተሙን ላውርደው?» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ። ሰው ያለቀሰው ያኛውን አይቶ ነው።»

አሁን ሰፈሩ ፈርሶ እትዬ አስካለ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ባለፈው ሰንበት ልጠይቃቸው ብሄድ ያው ባለማኅተሙ ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ቀድሞ የሚታየኝ ማኅተሙ ነው፤ ያን ቀን ያቃተኝ ነገር ሁሉ እሱ ላይ ያለ ይመስለኛል። እሳቸው ግን በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ሲጠርጉ ከጋሽ ተስፋዬ ግንባር ይጀምሩና ጉንጫቸውንም አገጫቸውንም እኩል ይዳብሳሉ።