ዝግ ስልክ የሚያስጮኸው ቀፎ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ፣ «አባዬ፣ ይሄ እውነት ቢሆን አትገዛውም?» አለችኝ። ያለ ያዥ እየበረረ ከራስ በላይ የሚከተል ዣንጥላ ነው። የውጭ አገር ቀልደኞች የሌለ ዕቃ ፈጥረው፣ ዋጋ ለጥፈው ይሳሳቁበታል። እሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ከጓደኛዬ ከገመቹ ጋር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በነበረን ጊዜ፣ እኛም እንዲህ ያለ ዕቃ እያየን እናብድ ነበር። ክረምቱ መንገዱን አጨቅይቶ ደንበኛ ሲያስቀርብን፣ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን ኢንተርኔት ላይ እንጣዳለን። አንድ ቀን የራሳችንን ዕቃ ፈጠርን፤ ዝግ ስልክ የሚያስጮህ ቀፎ። መነሻችን የገመቹ ፍቅረኛ ነበረች፤ በተኳረፉ ቁጥር ስልኳን ትዘጋበታለች። ማስታወቂያውን እኔ በአማርኛ፣ እሱ በኦሮምኛ ጻፍነው። ከሁለቱም ግርጌ ቀልድ መሆኑን የሚናገር መስመር ነበር። የኦሮምኛው ላይ ግን የቀፎውን ሥዕል ሳተልቀው ቦታ ጠበበኝና «ቆሳ»፣ ማለትም ቀልድ፣ የምትለዋን ቃል አጠፋኋት። «ቀልድ መሆኑን ማን የማያውቅ አለ?» አልኩት ገመቹን። በሩ ላይ ለጠፍናቸው፤ መንገደኛው ሁሉ ሳቀ።

ቅዳሜ፣ ከሲሬ ለገበያ የመጡ አንዲት እናት ገቡ፤ አዴ ጫልቱ ይባላሉ። ነጠላቸው በዝናብ ርሷል። አማርኛ አያውቁም፤ በመሠረተ ትምህርት ግን ቁቤ፣ የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቆጥረዋልና ማስታወቂያውን ራሳቸው አንብበውታል። በላስቲክ የተጠቀለለ ስልክ ቁጥር አወጡ።

«ኢልማ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ወርቅ ልቆፍር ብሎ ወደ አሶሳ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጎረቤት እየደወለ ዝግ ነው ይላቸዋል እንጂ፣ እሳቸው ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው አያውቁም። «የእናንተ ቢዘጋም ይጠራል ተብሎ ተጽፏል» አሉ በኦሮምኛ።

ገመቹ አቀረቀረ። እኔም እውነቱን ማውጣት ከበደኝና በራሴ ስልክ ደውዬ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ዝግ መሆኑን ራሳቸው ሰምተው ይሄዳሉ ብዬ ነው፤ መልእክቱ በአማርኛ መሆኑን አላሰብኩም። የተቀዳችው ሴት፣ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይቻልም» ስትል ለእኔም ተሰማኝ። የአዴ ጫልቱ ፊት በራ።

«ሴት ናት! አገባ እንዴ?»

ገመቹ አየኝ። አፌ ቀደመኝ። «ኤዬ አዴ፣ አግብቷል። ደህና ነው፤ ሥራ ላይ ነው አለች።»

«ገለቶማ!» ብለው አመስግነው፣ ግንባሬን ስመውኝ ወጡ። ገመቹ ማስታወቂያውን ቦጨቀው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው መጡ። ለምራቴ ላኩልኝ አሉ። እኔ፣ ያ ምላሰ ረጅም፣ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ ተደበቅሁ። እውነቱን የነገራቸው ገመቹ ነው። ጩኸትም እርግማንም ጠብቄ ነበር። ብቅ ስል ግን ቅቤው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እሳቸው ሄደዋል። ዛሬም ሲሬን በተሻገርኩ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው።

ማስታወቂያውን የልጅነት ነገር ነው ብዬ እተወዋለሁ። ያችን «ኤዬ» ግን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም። አንዲትን እናት ለአንድ ሳምንት ምራት ሰጥቼ፣ ልጇን ሁለተኛ ጊዜ ያሳጣኋት እኔ ነኝ።

ልጄ ዣንጥላውን ለጓደኞቿ ልትልክ ስትል፣ ከግርጌው ቀልድ መሆኑ ተጽፎ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አንተ ደግሞ አባዬ!» አለች እየሳቀች። «ማን የማያውቅ አለ?»